በችግር ዘመን የዳነ መሬት፦ የኩን ቫሊ ገበሬዎች ልምድ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)







በዚህ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት፣ ስለ እህል ግዥና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሰፊው ሰምተናል። የእኔ ድርሻ ደግሞ የዚህ ሁሉ መሠረት ስለሆነው ስለ አፈር መናገር ነው። ለዚህም የአንድ ሩቅ አገር ታሪክ መርጫለሁ። ታሪኩ በአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በመንግሥት ገንዘብና በሥራ አጥ ወጣቶች ጉልበት የተካሄደ የተፋሰስ ሥራ ነው። የመረጥኩበት ምክንያት ሥራው ትልቅ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ከቆመና ወጣቶቹ ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ሥራው ለብዙ አሥርት ዓመታት መቆየቱ ነው። እኛም ዘንድ ትልቁ ጥያቄ ይኸው ይመስለኛል። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው የአሜሪካ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውሳለሁ።

ዘመኑ ምን ይመስል ነበር?

በጥቅምት 1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ባንኮች ተዘጉ፣ ፋብሪካዎች ሠራተኛ አሰናበቱ። በ1933 ከአሜሪካ ሠራተኛ ከአራቱ አንዱ ሥራ አጥ ነበር። ገበሬውም አልተረፈም። የእህል፣ የወተትና የከብት ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ። ዕዳውን መክፈል ያልቻለው ገበሬ መሬቱ በባንክ ተይዞ በሐራጅ ተሸጠበት።

በመጋቢት 1933 ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በዚያው ወር የወጣቶች የሥራ ጓድ የሚያቋቁም ሕግ አወጡ። ስሙ ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮርፕስ ይባላል። ከተቸገሩ ቤተሰቦች የመጡ፣ በመጀመሪያ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 25 የሆነ ያላገቡ ወጣቶች ወደየገጠሩ ካምፕ ተላኩ። የወር ደመወዛቸው 30 ዶላር ሲሆን ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰባቸው ይላክ ነበር። ጓዱ በቆየባቸው ዘጠኝ ዓመታት 3 ሚሊዮን ያህል ወጣቶች አልፈውበታል። 3 ቢሊዮን ገደማ ዛፍ ተክለዋል፤ መንገድ፣ ድልድይ፣ ክትርና አጥር ሠርተዋል።

ወጣቶቹ በእርሻ ማሳ ላይ እንዲሠሩ ያደረገው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ሂው ሃሞንድ ቤኔት በኖርዝ ካሮላይና የጥጥ ገበሬ ልጅ ሲሆን ከ1903 ጀምሮ በመንግሥት የአፈር ጥናት ሥራ ተሰማርቶ ነበር። የአገሪቱ አፈር በጎርፍ እየታጠበ መሄዱን ለብዙ ዓመታት ሲናገር ሰሚ አላገኘም። በ1928 የአፈር መሸርሸር ብሔራዊ አደጋ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። በ1933 የሥራ ፈጠራ ገንዘብ ሲመደብ የአፈር መሸርሸር መከላከያ አገልግሎት የተባለ አዲስ መሥሪያ ቤት ተቋቋመና እሱ ኃላፊ ሆነ። ለሠርቶ ማሳያ ከመረጣቸው ቦታዎች መካከል የመጀመሪያው ትልቅ ተፋሰስ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት የሚገኘው ኩን ቫሊ ነበር።

የኩን ቫሊ መሬት ከ1933 በፊት

ኩን ቫሊ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ የሚገባ ኩን ክሪክ የተባለ አነስተኛ ወንዝ ያለበት ሸለቆ ነው። ተፋሰሱ 37 ሺህ ሄክታር ገደማ ስፋት አለው። ከላይ ጠባብ ሜዳማ ጀርባ፣ ከመካከል ቀጥ ያለ ገደላማ ተዳፋት፣ ከታች ደግሞ ለም ሸለቆ ያለበት በመሆኑ ለእኛ ደጋና ወይና ደጋ ገበሬ እንግዳ የሆነ መልክዓ ምድር አይደለም።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በአብዛኛው ከኖርዌይና ከጀርመን የመጡ ገበሬዎች እዚያ ሰፈሩ። መጀመሪያ ስንዴ ዘሩ፤ ቆይተው ወደ ወተት ከብት ርባታ ዞሩ። መሬቱ በሕግ የተሸነሸነው በአራት ማዕዘን ስለነበር ማሳውም አራት ማዕዘን ሆነ፤ ሞፈሩም ዳገቱን ከላይ ወደ ታች ያርስ ነበር። ለእርሻ የማይመቸውን ገደላማ ደን ደግሞ ለከብት ግጦሽ ለቀቁት። ከብቱ ቡቃያውን ሁሉ በላ፣ መሬቱን ረግጦ አጠነከረው። በዚህ ምክንያት የበጋ ነጎድጓድ ዝናብ ሲወርድና በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ወደ መሬት መስረጉን ትቶ በየእርሻው ትልም ቁልቁል መሮጥ ጀመረ።

ከሁለት ትውልድ በኋላ ውጤቱ ታየ። ተዳፋቱ በቦረቦር ተቆራረጠ። ከላይ የታጠበው አፈር ከታች ባለው ለም ሸለቆ ላይ ተደፋ፤ የወንዙም ወለል ከፍ አለና ጎርፉ እየበረታ ሄደ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የላይኛው ገበሬ አፈሩ ሄዶበት ሲቸገር የታችኛው ገበሬ ደግሞ ያንኑ አፈር ሳይፈልገው ተሸክሞ ተቸገረ። አንዱ ያለ ሌላው ችግሩን መፍታት አይችልም ነበር።

ስምምነቱ

በ1933 መጨረሻ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ወደ ሸለቆው መጡ። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የግብርና ባለሙያዎችም አብረው ነበሩ። ላ ክሮስ ከተማ አጠገብ ከጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የተቋቋመ የምርምር ጣቢያ ከየትኛው ማሳ ምን ያህል አፈር እንደሚሄድ ይለካ ስለነበር ትምህርቱ በእጃቸው ላይ ነበር። የቀረው ገበሬውን ማግኘት ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ባለሙያው ከገበሬው ጋር እርሻውን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ይዞራል። የትኛው ቦታ ለእርሻ፣ የትኛው ለሣር፣ የትኛው ለደን እንደሚሆን ተነጋግረው በካርታ ላይ ያሰፍራሉ። ከዚያ የአምስት ዓመት ስምምነት ይፈራረማሉ። በስምምነቱ መሠረት ገበሬው ከብቱን ከገደላማው ደን ያወጣል፤ ማሳውን በእኩል ከፍታ አግድም ያርሳል፤ ሰብል ያፈራርቃል። መንግሥት በበኩሉ የሥራ ጓዱን ወጣቶች ጉልበት፣ የአጥር ሽቦ፣ ኖራ፣ የአልፋልፋ ዘርና ችግኝ ያቀርባል። ማንም ምንም በነፃ አልተሰጠውም፤ ማንም ደግሞ ተገዶ አልፈረመም።

በተፋሰሱ ውስጥ ከነበሩት 800 ያህል ገበሬዎች መካከል 418ቱ ፈረሙ። ይህ ማለት ግማሽ ያህሉ አልፈረሙም ማለት ነው። ከእኛ መካከል ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ይህን ቁጥር ቢያይ አፈጻጸሙ 52 በመቶ ነው ብሎ ዝቅተኛ ውጤት ይሰጠው ይሆናል። የኩን ቫሊ ሰዎች ግን ያልፈረመውን ጎረቤት አላስፈራሩትም። የፈረመው ሰው ማሳ ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚሆን በዓይኑ እንዲያይ ተውት።

ምን ተሠራ?

ከሁሉ በላይ የአካባቢውን ገጽታ የለወጠው የማሳው አቀማመጥ ነው። አራት ማዕዘኑ ማሳ ቀርቶ የኮረብታውን ወገብ እንደ መቀነት የሚዞሩ ረጃጅም ጠባብ ማሳዎች ተተኩ። አንዱ መቀነት በቆሎ ከሆነ ቀጥሎ ያለው አጃ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው አልፋልፋ ወይም ሣር ይሆናል። ከበቆሎው የሚመጣውን ጎርፍ ሣሩ ይይዘዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሰብሉ ቦታ ይለዋወጣል። ይህ ሥራ ከገበሬው የሚፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ አስተራረሱን መለወጥ ነው።

ወጣቶቹ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ጉልበት የሚከብደውን ሥራ ሠሩ። በጣም ጠረር ባለው ቦታ ላይ እርከን አወጡ። በቦረቦሩ ውስጥ ክትር ሠሩ። ድንጋይ ፈልጠው የእርሻ ኖራ አዘጋጁ። ገደላማውን ደን ከከብት ለመለየት አጥር አጠሩ። የወንዙን ዳርቻ በአኻያ ተክል አጸኑ፤ በየተራቆተው ቦታ ችግኝ ተከሉ።

ከብቱን ከደን ማውጣት በቃል ሲናገሩት ቀላል ይመስላል፤ ለወተት ገበሬ ግን ትልቅ ጥያቄ ነው። ከብቱ ምን ይብላ? ለዚህ መልስ ባይገኝ ኖሮ የተፈረመው ወረቀት በአንድ ዓመት ውስጥ ይቀደድ ነበር። መልሱ በኖራ በተስተካከለ አፈር ላይ የተዘራው አልፋልፋ ሆነ። አፈሩን የሚይዘው ሣርና ላሟን የሚመግበው መኖ አንድ ስለነበረ ገበሬው ጥበቃውን እንደ ቅጣት አላየውም።

በሥራው ላይ ምክር ከሰጡት ምሁራን አንዱ የዱር እንስሳት ባለሙያው አልዶ ሊዮፖልድ ነበር። በ1935 ስለ ኩን ቫሊ በጻፈው ጽሑፍ ያተኮረው በዚሁ ላይ ነው። ቀደም ሲል የደኑ፣ የእርሻው፣ የዱር እንስሳቱ መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ በየፊናው ይሄድ ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉም በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ተገናኝቶ አንድ ዕቅድ አወጣ። ይህ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶቻችን ጠቃሚ ማስታወሻ ይመስለኛል።

ገንዘቡ ሲያልቅ

የሥራ ጓዱ በ1942 ጦርነቱ ሲበረታ ፈረሰ። የአምስት ዓመቱም ስምምነት ጊዜው አለፈ። ታዲያ መቀነቱ ማሳ ተመልሶ ታረሰ? አልታረሰም። እንዲያውም ያልፈረሙትም ጭምር እየተከተሉ አግድም ማረሱ በመላው አካባቢ ተስፋፋ። ከ1930ዎቹ አራት ማዕዘን ማሳዎች የአየር ፎቶግራፍ ጋር የ1960ዎቹን ለሚያስተያይ ሰው ሌላ አገር ይመስለዋል።

ስታንሊ ትሪምብል የተባለ የጂኦግራፊ ተመራማሪ በሸለቆው ውስጥ የሚከማቸውን ደለል ለብዙ ዓመታት ለክቷል። ባገኘው ውጤት ከ1975 እስከ 1993 የተከማቸው ደለል በዓመት ሲሰላ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ከነበረው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

ለዚህ መዝለቅ አንዱ ምክንያት ሥራውን የሚረከብ የገበሬው የራሱ ተቋም መፈጠሩ ነው። በሚያዝያ 1935 የአቧራ ማዕበል የደቡብ ሜዳማ ክፍላተ ግዛትን በሸፈነበት ወቅት የአሜሪካ ምክር ቤት የቤኔትን መሥሪያ ቤት የአፈር ጥበቃ አገልግሎት በሚል ቋሚ አደረገው። በ1937 ደግሞ ገበሬዎች የራሳቸውን የአፈር ጥበቃ ወረዳ አቋቁመው በራሳቸው ተመራጮች እንዲያስተዳድሩ የሚያስችል ሞዴል ሕግ ለክፍላተ ግዛቱ ተላከ። የመጀመሪያው ወረዳ በዚያው ዓመት በቤኔት የትውልድ አካባቢ ተቋቋመ። ዛሬ በአገሪቱ 3 ሺህ ያህል እንዲህ ያሉ ወረዳዎች አሉ።

ለእኛ ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ደግሞ ሌላ የሚያስደስት ነገር አለ። በ1935 ከአሜሪካ ገበሬ ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነበር ኤሌክትሪክ ያለው። የግል ኩባንያዎች ለተራራቀ የገጠር ቤት መስመር መዘርጋት አያዋጣም አሉ። መንግሥት በዚያው ዓመት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን አቋቁሞ ብድር ሲያቀርብ ብድሩን በብዛት የወሰዱት ገበሬዎች ራሳቸው ያቋቋሟቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። በ1950ዎቹ ከአሥሩ ዘጠኙ መብራት አገኘ። ወተት የሚያቀዘቅዘው ማሽን የተገጠመው፣ ውሃ በሞተር መሳብ የተጀመረው በዚህ ነው። በኩን ቫሊ አካባቢም የማኅበር ልማድ አልጠፋም። በዚያው አውራጃ በ1988 ጥቂት ገበሬዎች የጀመሩት የተፈጥሮ እርሻ ምርቶች ኅብረት ሥራ ማኅበር ዛሬ በአገሪቱ ከታወቁት የወተት ማኅበራት አንዱ ሆኗል።

የናቫሆዎች ሐዘን

ታሪኩን በምስጋና ብቻ ብዘጋው እውነቱን ማጉደል ይሆናል። የሥራ ጓዱ ሴቶችን አልተቀበለም፤ ጥቁር ወጣቶችንም በአብዛኛው በተለየ ካምፕ አስቀምጧል። ከዚህም የከፋ ነገር በናቫሆ ሕዝብ ላይ ደርሷል።

ናቫሆዎች በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ደረቅ ምድር የሚኖሩ በግና ፍየል አርቢዎች ናቸው። በዚያው በ1933 ያው የአፈር መሸርሸር መከላከያ አገልግሎት በእነሱም ዘንድ ሥራ ጀመረ። መሬቱ በእርግጥ ተራቁቶ ነበር። መንግሥትን ይበልጥ ያሳሰበው ግን በኮሎራዶ ወንዝ ላይ በመገንባት ላይ የነበረው ትልቅ ግድብ በደለል እንዳይሞላ ነው። የሕንዶች ጉዳይ ኮሚሽነር የነበሩት ጆን ኮሊየር ከብቱ ይቀነስ ብለው ወሰኑ። የጎሣው ምክር ቤት ተጠየቀ፤ የመንጋው ዋና ባለቤት የሆኑት ሴቶች ግን አልተጠየቁም። ብዙ ፍየልና በግ ተገዝቶ ተወሰደ። ማጓጓዝ ባልተቻለበት ቦታ በጥይት ተገድሎ እዚያው ቀረ። ለድሃዋ ቤተሰብ ፍየል ወተቷም ሥጋዋም ነበረች፤ ምትክ የሚሆን አልፋልፋም ሆነ ሌላ ገቢ በበቂ አልቀረበላትም።

በ1935 ኮሊየር ለጎሣዎች የራስ አስተዳደር ያስገኛል ያሉትን ሕግ ለድምፅ ሲያቀርቡ ናቫሆዎች በጠባብ ልዩነት ውድቅ አደረጉት። ለዚህ ትልቁ ምክንያት የከብቱ ነገር ነበር። መንጋው በኋላ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ መሬቱ ግን በታሰበው መጠን አላገገመም። ቅሬታው ለልጅ ልጅ ተላለፈ።

እንግዲህ ዘመኑ አንድ፣ መሥሪያ ቤቱ አንድ፣ ዕውቀቱም አንድ ነበር። በአንደኛው ቦታ ባለሙያው ከገበሬው ጋር ማሳውን በእግሩ ዞሮ ተፈራረመ፤ ከብቱን ከደን ሲያስወጣ መኖ ሰጠ። በሁለተኛው ቦታ ውሳኔው ከላይ መጣ።

የ2018 ጎርፍ

ኩን ቫሊም ቢሆን ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ የሚቀመጥ አልሆነም። ከጊዜ ወደ ጊዜ የወተት ገበሬው ቁጥር እየቀነሰ፣ በቆሎና አኩሪ አተር እየበዛ፣ ማሽኑም እየተለቀ ሲሄድ አንዳንዱ ጠባቡን መቀነት አፍርሶ ማሳውን አሰፋ። ላም ከሌለ ማን አልፋልፋ ይዘራል? የሣሩ መቀነት የቆመው በወተቱ ገቢ ላይ ነበርና።

በነሐሴ 2018 መጨረሻ በአንድ ሌሊት በአንዳንድ ቦታ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወረደ። በአካባቢው በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለጎርፍ መከላከያ ከተሠሩት ግድቦች አምስቱ ተደረመሱ፤ ሦስቱ በኩን ክሪክ፣ ሁለቱ በጎረቤት ተፋሰስ የሚገኙ ነበሩ። ሸለቆው በውሃ ተጥለቀለቀ። ከጥናት በኋላ ግድቦቹን መልሶ መሥራት አያዋጣም የሚል ድምዳሜ ላይ ተደረሰ። የአካባቢው ነዋሪዎች በዚህ ጊዜ እንደ አያቶቻቸው የተፋሰስ ምክር ቤት አቋቁመው ውሃው በወደቀበት ማሳ ላይ እንዲሰርግ ለማድረግ እንደገና መነጋገር ጀምረዋል።

ለእኛስ?

ክቡራትና ክቡራን፣

እኛም በዚህ ሥራ እንግዶች አይደለንም። ምግብ ለሥራ በተባለው ዘመን በአገራችን ብዙ እርከን ተሠርቷል፤ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ ደኑም ተቆረጠ። ሕዝቡ እርከኑን የመንግሥት እንጂ የእኔ ነው አላለውምና። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት፣ ከዚያም በየዓመቱ በሚካሄደው የሕዝብ ንቅናቄ ብዙ ተሠርቷል። ስለዚህ ጉልበት አላነሰንም። የሚያንሰን ከዘመቻው በኋላ ያለው ነገር ነው። በሐምሌ አንድ እርከን ቢበጠስ ማን ይጠግነዋል? ከንክኪ ነፃ በተደረገው ተራራ ላይ የበቀለውን ሣር ማን አጭዶ ለማን ከብት ይሰጣል?

ይህ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጉዳይ ብቻ ነው እንዳንል። ዩኒየናችን በየዓመቱ ደክሞ የሚያጓጉዘው ማዳበሪያ እርከን በሌለው ተዳፋት ላይ ሲበተን በመጀመሪያው ጎርፍ ወንዝ ይገባል፤ የገበሬው ዕዳ ግን ከእርሱ ጋር ይቀራል። ስለዚህ በትሕትና ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የእርከን ጥገናን አጀንዳ ያድርገው፤ ማን የትኛውን ተዳፋት እንደሚጠብቅ በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ዩኒየኑ ከስንዴና ከበቆሎ ምርጥ ዘር ጋር የመኖ ዘርም ያቅርብ። በእርከን ላይ የሚበቅል መኖ የሚሸጥ ወተት ካስገኘ እርከኑን የሚያፈርስ ሰው አይኖርም። ኩን ቫሊ ይህን አይታዋለች፤ ላሟ ስትሄድ ሣሩም ሄዷል።

ሦስተኛ፣ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የዘመቻው ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ባለሙያዎቻችሁ ከገበሬው ጋር፣ በተለይም ከሴት አባወራዎች ጋር፣ ማሳውን በእግራቸው ይዙሩ። ግማሹ ሰው ዘንድሮ እሺ ባይል አትቆጡ። እሺ ያለው ማሳ ላይ ጥሩ ሥራ ከተሠራ የቀረውን ክረምቱ ራሱ ያስተምረዋል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አንድ ተፋሰስም ለአንድ ገበሬ ሸክም ነው፤ ለማኅበር ግን የሚቻል ሥራ ነው። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓላችን የምርትና የትርፍ ሪፖርት ሲቀርብ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን ባለፉት ዓመታት ከተሠራው ስንቱ ቆሞ እንደሚገኝ የሚገልጽ ሪፖርት አብሮ እንዲቀርብ እመኛለሁ።